በአጥር ቀዳዳ የገባው ሐይቅ

ሐይቁ የስደት ሰፈራችን ብሬብሩክ የገባው በአጥር ቀዳዳ ነው። በእኔና በጎረቤቴ ጓሮ መካከል ካለው የጣውላ አጥር አንዱ ጣውላ ወልቆ ነበር፤ አከራዩ "ሰሞኑን አሠራዋለሁ" ካለ ዓመት አልፎታል። እኔም አላስታወስኩትም። ጎረቤት ያለበት ቀዳዳ ከመስኮት ይሻላል፤ መስኮት ያሳያል እንጂ አያጫውትም።

ጎረቤቴ የመቄዶንያ ሰው፣ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጆቻቸው ከከተማው ዳር ሆፐርስ ክሮሲንግ ትልልቅ ቤት ገዝተው ሄደዋል፤ እሳቸው ከቲማቲማቸውና ከቃሪያቸው ጋር ቀርተዋል። እንግሊዝኛቸው እንደ እኔው ፋብሪካ ውስጥ የተለቀመ ነው፤ ብዙ ነገር ይጎድለዋል፣ ግን ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ሰሞን ምን ብዬ እንደምጠራቸው ጨነቀኝ። የአባቴ እኩያ የሆነን ሰው "ዩ" ማለት አፌ እምቢ አለኝ። "ጋሼ" አልኳቸው። ቃሉን ወደዱት። እንዲያውም ወደውት እኔንም መልሰው "ጋሼ" ይሉኝ ጀመር። ያ ሁሉ ሽበት ተደፍቶ "ጋሼ፣ ደህና አደርክ?" ሲለኝ ሚስቴ ወጥ ቤት ውስጥ በሳቅ ትሞት ነበር።

ጊዜው ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ ያን ጊዜ ዓሣ ነጋዴ ነበርኩ። አንድ ነጭ ቫን፣ ጋራዥ ውስጥ አንድ ትልቅ ፍሪዘር፣ ሁለት ኤስኪ። ኤስኪ እዚህ አገር የበረዶ ሣጥን ነው፤ ሰው ቢራውን ይይዝበታል፣ እኔ እንጀራዬን። ጎሕ ሳይቀድ ከጅምላ ገበያ ስናፐርና ፍላትሄድ የሚባሉ የባሕር ዓሦች አንሥቼ ለሐበሻው ቤት ለቤት አዞራለሁ። ሌላው ነጋዴ በዓል ሲጠብቅ እኔ ጾም እጠብቅ ነበር። "ዓሣ በጾም ይበላል" የሚለውና "አይበላም" የሚለው ክርክር በየቤቱ አልበረደም ነበርና አንዲት እናት በራፋቸው ላይ አቁመውኝ፣

"አንተ ልጅ፣ ጾማችንን ልታስገድፈን ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"እትዬ፣ እኔ ዓሣ ሻጭ እንጂ ቄስ አይደለሁም። ይኼ ስናፐር ግን ትናንት ማታ ባሕር ውስጥ ነበር" አልኳቸው።

"እስቲ ዓይኑን አሳየኝ" አሉና ሁለት ገዙ። ጴንጤዎቹ ደግሞ ረቡዕ አርብ ሳይሉ ዓመቱን ሙሉ ይገዙኛል። ስለዚህ በሃይማኖት ጉዳይ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።

ጋሼ ከገበያ ስመለስ በቀዳዳው ብቅ ብለው ኤስኪዬን ይፈትሹ ነበር።

"ይኼ ምንድነው?"

"ስናፐር።"

"ይኼ ዓሣ አይደለም።"

"ይኼኛውስ?"

"እሱማ ጫማ ነው።"

አንድ ቀን አፋቸውን ላስይዛቸው ብዬ ከወደ ተራራው፣ ከእርሻ ኩሬ የመጣ፣ ትራውት የሚባል የወንዝና የሐይቅ ዓሣ አመጣሁላቸው። በሁለት ጣት አንሥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ሆዱን ዳሰሱት። "የአጎት ልጅ ነው" አሉኝ በመጨረሻ። "ግን ቤተሰቡ አያውቀውም።" ዓሣውን መለሱልኝ።

ሐይቁ መግባት የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ኦህሪድ ይባላል፤ የአገራቸው ሐይቅ ነው። እኔ በሌሊት ስለምነሣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጫነኛል፤ የወተት ፕላስቲክ ሣጥን ገልብጬ አጥሩ ሥር እቀመጣለሁ፤ እሳቸውም በወዲያኛው ወገን በሌላ የወተት ሣጥን ላይ። ፊታቸው አይታየኝም። ድምፃቸው ብቻ በጣውላው ውስጥ ይመጣል፤ እኔም ግማሽ ነቅቼ ግማሽ አንቀላፍቼ እሰማለሁ። ውሃው ተራሮቹ ሳይሸብቱ የነበረ ነው ይላሉ። ጠዋት በጀልባ ሲሄዱበት ጀልባው በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ጥላው ከታች አሸዋው ላይ ይከተላል። ከተራራው ማዶ፣ ከፍ ብሎ ሌላ ሐይቅ አለ፤ የዚያኛው ውሃ በተራራው ሆድ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ፣ ጨለማውን ጨርሶ፣ አንድ ገዳም አጠገብ ከአሸዋ ሥር እየተንተከተከ ይወጣል። በገዳሙ ግቢ ጣዎሶች ጅራታቸውን እየጎተቱ ይዞራሉ። ዓሣውም ትራውት ነው፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ የተረጨበት፤ ቤቱ ያ ሐይቅ ብቻ ነው።

"ለምንድነው ሌላ ቦታ የማይኖረው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ለምን ይኑር?" አሉኝ።

ለጣና ዳር ልጅ ይኼ እንግዳ ነገር አልነበረም። እኔ ባሕር ዳር፣ የታንኳ መቆሚያው አካባቢ ነው ያደግሁት፤ አንደኛ ደረጃም ሁለተኛ ደረጃም እዚያው ነው የጨረስኩት፣ ቆሮሶና አምባዛ ተሸክሜ እየሮጥኩ። ጣና ውስጥም ከጣና በቀር የትም የማይገኝ ዓሣ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። የእሳቸው ገዳም ጣዎስ ካለው የእኔም ደሴቶች ገዳም አላቸው። ጣዎስ ባይኖረን አባ ኮዳዎች ነበሩን፤ ራሰ በራ፣ ጥቁር ካፖርት የደረቡ፣ ለቀስተኛ መስለው የዓሣ አንጀት የሚጠብቁ። እናም ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት ሁለቱ ሐይቆች ይቀላቀሉብኝ ነበር። የእሳቸው ውሃ በተራራ ሥር ካለፈ የእኔስ በውቅያኖስ ሥር ለምን አያልፍም? አንድ ጊዜ ጣና በምድር ሆድ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ፣ ከባላራት ሮድ የጭነት መኪናዎች ጩኸት ሥር አልፎ፣ በቲማቲሞቹ መካከል እየተንተከተከ ሲወጣ አየሁት። እግሬን ሲነካኝ ቀዝቀዝ ይል ነበር። ስነቃ ጋሼ የአትክልት ማጠጫ ጎማቸውን ሳይዘጉት አንቀላፍተዋል።

አንድ ቀን ግን ድምፃቸው ሌላ ሆነብኝ።

"ጋሼ፣ አንተ ነጋዴ ነህ። ውሸታም ታውቃለህ" አሉኝ።

"ከነቤተሰቡ።"

"እኔ ውሸታም እመስልሃለሁ?"

ቀልድ መስሎኝ ልመልስ ስል ቀጠሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ካርታ የሚጫወቱበት የአገራቸው ሰዎች ክበብ አለ። እዚያ ሁሌ ስለ ዓሣው ያወራሉ፤ ከሌላ ከተማ የመጡት ደግሞ "ትራውት ትራውት ነው፣ አታድክመን" እያሉ ያበሽቋቸዋል። እስከ ቅርብ ጊዜ በሳቅ ያልፉት ነበር።

"አሁን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ዓሣውን ስፈልገው የማገኘው ወሬውን ነው። ጣዕሙን አይደለም፤ ስለ ጣዕሙ የተናገርኩትን። ምናልባት ተራ ዓሣ ነበር። ምናልባት ልጅ ነበርኩና ርቦኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የማወራው ነገር እውነት ይሁን ውሸት እኔም አላውቅም። እዚህ አገር ደግሞ የምጠይቀው ሰው የለም። ሚስቴ ነበረች፣ እሷም የለች።"

ነገሩ ገብቶኛል። ዕቃውን ደጋግሞ ያሞገሰ ነጋዴ መጨረሻ ላይ ራሱ ይገዛዋል፤ ከገዛው በኋላ ዋጋውን አያውቀውም።

ዕድል ግን አንዳንዴ የሰው ወሬ ትሰማለች። በዚያው የጸደይ ወራት አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ዘመዳቸው አንድ ዓሣ ይዞላቸው መጣ። አንድ ብቻ፤ በጨው የታሸ፣ በጨርቅ ላይ ጨርቅ፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለ። ኬላውን እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅሁም፤ ነጋዴ ዕቃን "በየት መጣህ?" አይለውም። የሚበሉትም መቼ እንደሆነ ወስነዋል። እንደ እኛ ጽዋ ማኅበር፣ በእነሱም ዘንድ ቤቱ ሁሉ የየራሱ ቅዱስ አለው፤ የሳቸው ቀን ታኅሣሥ ላይ ይውላል፣ በጾም ውስጥ። ግን ዓሣ ይፈቀዳል አሉኝ። ሃይማኖታቸውን ወዲያው ወደድኩት። በዚያ ቀን የክበቡን ጓደኞች ይጠራሉ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ራሳቸው ይቀምሳሉ፤ ከዚያ ወይ እውነተኛ ሆነው ይነሣሉ ወይ ውሸታም ሆነው።

እስከዚያ ማስቀመጫ የላቸውም፤ የፍሪጃቸው በረዶ ቤት አንድ ዳቦ አይበቃውም። ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘው በቀዳዳው ሰጡኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

"ፈተው አላዩትም?"

"አላየሁትም፤ አላሸተትኩትም። አሁን ካሸተትኩት ደግሞ ማውራት እጀምራለሁ።"

ፍሪዘሩ ውስጥ ጥግ አስያዝኩትና ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። "ይኼ የጋሼ ነው። አደራ ነው።" ለእሷ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ተብሎ በተነገረበት ቤት ያደገች ሴት ናት። ይኼው ነው ያጠፋን።

ታኅሣሥ እዚህ አገር የሚያነድ በጋ ነው፤ ቀኑ ሁለት ቀን ሲቀረው የሰሜኑ ነፋስ መጣ፤ ያ ምድጃ ተከፍቶ የተረሳ የሚመስለው። እኔ ላቨርተን ኖርዝ አንድ ቀዝቃዛ መጋዘን ሄጄ ለጾሙ ሰሞን ካርቶን እየጫንኩ ነበር። ሚስቴ ከሺፍቷ ስትመለስ የጋራዡ ኮረንቲ ተቋርጦ፣ ፍሪዘሩ እያለቀሰ፣ ውሃው በበሩ ሥር ሲወጣ አገኘችው። የእኛን ዓሣ ፈጥና ወደ ኤስኪዎቹ አዛወረችና ከጎረቤት ሱቅ በረዶ አስመጣችበት። የጋሼ ጥቅል ግን ሟሙቶ፣ ጨርቁ ረጥቦ፣ ሽታው ጋራዡን ሞልቶት ነበር። ልጃችን አፍንጫዋን ይዛ በር ላይ ቆማ "ማሚ፣ ሳምቲንግ ዳይድ ኢን ሂር!" አለቻት። የሞተ ነገር አለ ማለቷ ነው።

ሚስቴ አሰበች። አደራ ነው። በእጄ ላይ እየተበላሸ ነው። የሰውየው ግብዣ ከነገ ወዲያ ነው። አደራ ደግሞ ሸትቶ አይመለስም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጨዋ ሴት የምታደርገውን አደረገች። መጀመሪያ ጨውና እድፉን በባልዲ ውሃ አስለቀቀች። ከዚያ ሎሚ። ከዚያ ዱቄት ነስንሳ አሸችው። ውሃ ለወጠች፤ እንደገና ሎሚ፤ እንደገና ውሃ። ዶሮ ዶሮ የሚሸት ዶሮ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ዓሣ ለባለሙያ ሴት ስድብ ነው፤ ውሃው እንደ ጠበል እስኪጠራ አላቆመችም። ከዚያ እንዳይበላሽ ብላ ጎን ጎኑን ተልትላ፣ እስኪንኮሻኮሽ ጠበሰችው። ጾመኛ ስለሆነች አልቀመሰችውም።

ስደርስ ፊቷ በርቶ ነበር። "አዳንኩልህ!" አለችኝ።

ትልቁ ሳሕን ላይ ተጋድሟል። የሚያምር ጥብስ ነው። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ሎሚ።

"ምን ያህል ነው ያጠብሽው?"

"እስኪለቀው ነዋ! አልሰማህም እንዴት ይሸት እንደነበር።"

"አንቺ ሴት፣ ሰውየው የሚፈልጉት እኮ የለቀቀውን ነበር።"

መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ከዚያ ስለ ክበቡ፣ ስለ ወሬው፣ ስለ ጥርጣሬያቸው ስነግራት ሳቋ ከአፏ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ኤስኪው ላይ ቁጭ አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እኔ እኮ አደራ ነው ብዬ ነው" አለች።

ሳሕኑን ይዘን አብረን ሄድን፤ በቀዳዳው ሳይሆን በፊት በር። እንዲህ ያለ ወሬ በበር ነው የሚገባው። ጋሼ ሁሉንም ሰሙ። አልተቆጡም። ሳሕኑን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡና የተተለተለውን ጎን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀዩ ነጠብጣብ የት እንደነበር የሚፈልጉ ይመስል ነበር። ሹካ አልፈለጉም። ትንሽ ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አስገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔና ሚስቴ ፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ቆመናል። ግድግዳው ላይ ሰዓት ይቆጥራል። ዓይናቸውን ቶሎ አልገለጡም።

"ዓሣ ነው" አሉ።

ያን ያህል ጊዜ ኤስኪዬን ሲፈትሹ አንድም ቀን፣ አንዱንም ዓሣ ዓሣ ብለውልኝ አያውቁም ነበር።

"ጥሩ ነው፤ በጣም ጥሩ ነው" አሏት ሚስቴን፤ ሳሕን ባዶውን አይመለስም ብለውም ከግድግዳው ላይ አንድ ዘለላ የደረቀ ቃሪያ አውርደው ሰጧት። እኔን እስከ በሩ ሸኙኝ። "ተራ ዓሣ ነው። እንግዲህ ወሬ ነበር፣ ጋሼ" አሉኝ ቀስ ብለው፤ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።

በማግሥቱ በቀዳዳው ብቅ የሚል ሰው አልነበረም። የወተት ሣጥናቸው በወዲያኛው ወገን ባዶውን ተገልብጦ ይታየኛል። ነፋሱ አልቆመም፤ ሰማዩ ነጭ ሆኗል፤ የቲማቲሞቹ ቅጠል ተጠቅልሏል። ከመንገዱ የሚመጣው ድምፅ ራሱ የደከመ ነው። ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተደግፌ ሸለብ አደረገኝ። ሐይቁ መጣ። በተራራ ሥር፣ በውቅያኖስ ሥር፣ እየተንተከተከ፤ አሁን ግን እግሬን አልነካኝም፤ አፍንጫዬን ነው የነካኝ። ወፍራም፣ እርጥብ፣ ያረጀ ነገር። ጎማው ይሆናል ብዬ ነቃሁ። ጎማው ተዘግቷል። ሽታው ግን አልሄደም።

የመጀመሪያው ባልዲ ውሃ ነበር፤ ሎሚ ከመድረሱ በፊት ዓሣው የታጠበበት። ሚስቴ ጨው ያለበት ውሃ ተክል ይገድላል ብላ፣ ምንም ከማይበቅልበት ቦታ፣ ከቀዳዳው ሥር ደረቁ መሬት ላይ ደፍታዋለች። ፀሐይዋ ደግሞ ስታበስለው ውላለች። ዝንብ ሰፍሮበታል። አፈር ላልብሰው ብዬ ስነሣ በወዲያኛው ወገን የወተት ሣጥኑ ሲጥ አለ።

"ጋሼ።"

"አቤት፣ ጋሼ።"

"ምንድነው እሱ?"

"የዓሣው እጣቢ ነው። ይቅርታ፣ አሁኑኑ አፈር—"

"እንዳትነካው!"

ሲንበረከኩ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። በቀዳዳው አንድ እጅ ገባ፤ ጭቃውን በጣቶቹ ቆንጠር አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ ረዥም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ ሳቅ፤ ከእኚህ ሰው ሰምቼው የማላውቀው የልጅ ሳቅ።

"ገመድ!" አሉ።

"የምን ገመድ?"

"የአባቴ ገመድ! የጀልባው! ዓሣውን በአፉ አስገብቶ በጆሮው እያወጣ የሚሰካበት። ታጥቦ አያውቅም። በራችን ላይ ይንጠለጠላል፤ እናቴ ትረግመዋለች፤ እኔ ስገባ ስወጣ ፊቴን ይነካኛል፣ እርጥብ ነው። ይሸታል! ጋሼ፣ ይኼ ዓሣ ይሸታል!"

ሎተሪ የወጣለት ሰው እንዲህ ሲጮህ አልሰማሁም። ከዚያ በድንገት ፊታቸውን ቀዳዳው ላይ አመጡት። አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየኝ።

"አሁን በደንብ አስብ። ስለ ገመዱ ነግሬህ አውቃለሁ?"

አሰብኩ። የነጋዴ ጭንቅላት መጋዘን ነው፤ የገባው ዕቃ የት እንዳለ ያውቃል። "ስለ ውሃው ነግረውኛል። ስለ ጀልባው ጥላ፣ ስለ ጣዎሶቹ፣ ስለ ቀዩ ነጠብጣብ። ስለ ገመድ አልነገሩኝም።"

"ስለ መሽተቱስ?"

"አንድም ቀን።"

"ክበቡም ውስጥ ተናግሬው አላውቅም። እኔም ረስቼው ነበር።" ዓይኑ ከቀዳዳው ራቀ፤ ሣጥኑ እንደገና ሲጥ አለ። "ያላወራሁትን ነገር ከየት አመጣዋለሁ? ወሬ አይደለም፣ ጋሼ። ነበር።"

ሣጥኖቻችን ላይ ተቀመጥን። ነፋሱ ሽታውን አንዴ ወደ እሳቸው አንዴ ወደ እኔ ይወስደዋል። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ለልጄ ስለ ጣና ስነግራት ሁሌ ሰማያዊውን ውሃ ነው የምነግራት። አሁን የመጣው ግን ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ የከበደ፣ ዳር ላይ ተጥሎ የበሰበሰ የደንገል ታንኳ ነው፤ ውስጡ ሙቅ ነው፤ እዚያ ውስጥ ተደብቄ እተኛ ነበር። ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ይኼን ጊዜ የጓሮው በር ተከፈተ። ሚስቴ በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው የተገመሰ ሎሚ ይዛ፣ በሐፍረት አንገቷን ደፍታ እየሮጠች መጣች።

"ኧረ ምን ጉድ ነው! ሰፈሩን እኮ አገማነው! ዞር በል፣ ላጥበው!"

"ተይው!" አልኩ እኔ። "ሊቭ ኢት!" አለ አጥሩ።

ሚስቴ ሎሚዋን እንደያዘች ቀረች።

በማግሥቱ የቅዱሱ ቀን ነበር። ጋሼ ከእኔ የእርሻ ትራውት ገዙ፤ የአጎት ልጅም ለበዓል ይጠራል አሉኝ። የክበቡ ሰዎች በዚያ ሙቀት ከረባት አስረው መጡ፤ በሉ፣ ዘፈኑ፣ ተከራከሩ። ከዚያ ድምፃቸው ከቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ አጥሩ ቀረበ። እኔ ሣጥኔ ላይ ሆኜ ቀዳዳውን አያለሁ። አንድ ትልቅ ቀይ አፍንጫ መጣ፤ ተሸማቆ ሄደ። ሌላ መጣ፤ በአገሩ ቋንቋ የሆነ ነገር ብሎ ሲሄድ ሁሉም አሽካኩ። ከኋላ የጋሼ ድምፅ "ገና ነው፣ ደህና አድርገህ ሳብ!" የሚል ይመስላል። አፍንጫ አፍንጫን እየተካ በቀዳዳው አለፈ።

የመጨረሻው አፍንጫ ግን ቶሎ አልሄደም፤ ከላዩ ያለው ዓይን ተጨፍኖ ደጋግሞ ሳበ።